ሀብተወልድ የጻፈው የሥራ ልምድ

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... ሳምሶን! አንተ ነህ እንዴ! ቁጥሩ ሲረዝምብኝ እነዚያ «ዕጣ ወጥቶልዎታል» ባዮቹ መሰሉኝ። ... አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልክነሽም ደህና ናት። ኪጋሊ እንዴት ነው? ... ዝናብ? ታድለሃል። እዚህ እኛ ሰፈር፣ ሲቀላ፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው።

— ልክነሽ! ሬዲዮውን ቀንሺው እስቲ፣ ሳምሶን ነው! ... አዎ፣ የኛው ሳምሶን። አሁንማ የባልሽ አለቃ ሆኗል። ... ሰላም ብሎሻል።

— እ፣ ቀጥል። ... ምን ያስቅሃል? መወርወሪያ አያያዝ ያሳየሁህ ልጅ፣ ዛሬ በሰው አገር የሽመና ቤት ከፍተህ «ጋሼ ኢሳያስ፣ መጥተህ ሠራተኞቼን አስተምርልኝ» ስትለኝ፣ አለቃ ካልሆንክ ምንድን ነህ ታዲያ?

— ወረቀቱ? ቆይ፣ አንድ በአንድ ልንገርህ። ፓስፖርት አለ። ከወንጀል ነፃ የሚለውም አለ፣ አሻራ ሰጥቼ። የጤና ምርመራው አልቋል። ልብህ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ልብ ነው አሉኝ። ... የብቃት ፈተናው? ኧረ እሱን አታንሳብኝ! ... አልፌያለሁ፣ አልፌያለሁ። ግን ፈታኙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ወንደሰን! ... አዎ፣ ያ ካንተ ጋር ተቀምጦ ድር ሲያወሳስብ የነበረው። ክራባቱን አስሮ፣ ወረቀቱን ይዞ፣ «ተፈታኝ፣ ይህ ዕቃ ምን ይባላል?» አይለኝም! «በሱ የኮረኮምኩህ ነው» አልኩት። ... ምን ይላል፣ ሳቀ እንጂ። ወዲያው ግን ተነሳ። «ጋሼ፣ ያንተን እኔ ማረም አይገባኝም» ብሎ ሌላ ፈታኝ ጠራልኝ። ... አዎ፣ ጨዋ ልጅ ነው።

— አዎ... አዎ። ስለዚህ የቀረው የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። ... እስከ አርብ? አርብ እኮ ከነገ ወዲያ ነው! ... ካልገባ የሥራ ፈቃዱ ማመልከቻ ይዘጋል። ገባኝ። ... አይ ሳምሶን፣ እሱን ባለፈውም ነግሬሃለሁ። አንተ ጽፈህ፣ የሌለ ድርጅት ስም ሰጥተህ፣ ማኅተም አስቀርፀህ... አላደርገውም። ጎሜ ነው። አንተ የጨንቻ ልጅ አይደለህም እንዴ? በሐሰት የያዙት ነገር ዞሮ ልጅ ላይ፣ ከብት ላይ ይወጣል ሲባል አልሰማህም? ... ኪጋሊ ድረስ ጎሜ አይመጣም? ሃ! አንተ ደርሰህ የለ እንዴ፣ እሱን ምን ያግደዋል!

— ስማኝማ። ደብዳቤው ተገኝቷል። ... ተገኝቷል እያልኩህ ነው! ከሸማኔዎች ማኅበሩ። ... አዎ፣ ከሊቀመንበሩ፣ ከሀብተወልድ። ... ሄሎ? ሳምሶን? ትሰማኛለህ? ... አዎ፣ ራሱ ሀብተወልድ ነው የምልህ!

— እኔም ገርሞኛል። አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። እሱ በዚህ ሲመጣ እኔ በዚያ። ለቅሶ ቤት እንኳ እሱ ድንኳን ውስጥ ካለ እኔ ውጭ ነበር የምቀመጠው። ... ታዲያስ! አሥራ አንድ ዓመት በማኅበሩ ሠርቼ፣ የክረምቱን ወራት የፈጀሁበትን ቡልኮ፣ ሊቀመንበር ስለሆነ ብቻ እንግዶች ፊት ዘርግቶ «የእኔ እጅ ሥራ ነው» ይበል? እኔ እዚያው ቆሜ! ዕቃዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ... ልክ ነህ። ግን ያንን አሥራ አንድ ዓመት ከሱ በቀር ማን ይመስክርልኝ? ልክነሽ ናት «ሽማግሌ ላክበት» ያለችኝ። ... አትሳቂ አንቺ! አመስግኜሻለሁ እኮ።

— ሦስት ሽማግሌዎች ከደጋ ወረዱ። እርጥብ ሳራቸውን ይዘው መሀላችን ቆሙ። ሳር ከተያዘ በኋላ ደግሞ... አዎ፣ እምቢ አይባልም። ሀብተወልድ ቀድሞኝ ተነሳ። «በድያለሁ» አለ። በቃ፣ ይህችኑ። እኔ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር መሰለህ! አራት ዓመት እየተነሳሁ እየተኛሁ ያሰማመርኩት ነው። አንዱም አልወጣልኝ። አለቀስኩ። ... አዎ፣ ሰው ፊት። ምን ላድርግ?

— ደብዳቤውን ሦስት ቀን ፈጅቶ ጻፈው። ... በኮምፒውተር ነዋ! ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም፣ ሁሉም አለው። ልክነሽ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ... ልክነሽ፣ ላኪለት እስቲ። ... ሄዷል ትላለች። ... ደረሰህ? ቆይ፣ እኔው ላንብብልህ። መነጽሬ... ይኸው። «አቶ ኢሳያስ በማኅበራችን ለአሥራ አንድ ዓመት በሸማኔነት ሠርተዋል። በእነዚህ ዓመታት ሃያ ሦስት ሰዎችን ሙያውን አስተምረዋል።» ከሃያ ሦስቱ አንዱ አንተ ነህ። ጥሩ አይደለም?

— ሁለተኛው አንቀጽ? ... አዎ፣ እንደሱ ነው የሚለው። «ከማኅበሩ የለቀቁት በራሳቸው ጥፋት አይደለም። እኔ ሊቀመንበሩ ሀብተወልድ፣ እሳቸው የሠሩትን ቡልኮ የራሴ ነው ብዬ ለእንግዶች ስላሳየሁ ነው። በሽመና ከእኔ ይበልጣሉ። ይህንንም ያኔ አውቅ ነበር።»

— ምን ያስጮህሃል? ... አዎ፣ ማኅተም ያለበት! ... ያውጣው? ለምን ያወጣዋል? ... ረጋ በል፣ ሳምሶን። ... እሱስ ልክ ነህ። የውጭ አገር መሥሪያ ቤት የሲቀላን ጠብ ምን ያደርግለታል። ... ይስቁብናል? ሊስቁም ይችላሉ። ግን ተመልሼ «ይቺን ሰርዝልኝ» አልለውም። ሰው በገዛ ማኅተሙ በራሱ ላይ ሲመሰክር አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም።

— አይደለም፣ ቢቀርማ ያመኛል። እንዴት እንደምፈልገው ታውቃለህ። እዚህ መወርወሪያ የሚቀበለኝ አንድ ልጅ አጣሁ እኮ! ሁሉም ባጃጅ ላይ ነው። «ስድስት ሰው ቁጭ ብሎ እየጠበቀህ ነው» ያልከኝ ቀን፣ እመነኝ፣ እንደ ሙሽራ ነው ያደረገኝ። ሙያዬ አብሮኝ አፈር እንዳይገባ ነው፣ ሌላ ምን አለኝ? ... ቢሆንም እንዳለ ይተርጎም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

— ማን? ብሩክታዊት ማናት? ... እህ፣ የፈቃድ ጉዳይ የምትጨርስልህ። አጠገብህ ናት? ታንብበው ታዲያ። ... እሺ፣ እጠብቃለሁ።

— ፎርሙን የምታውቀው ልጅ እያነበበችው ነው አለኝ። ... እኔ እንጃ፣ ልክነሽ። ... ኧረ ቁጭ በይ፣ አንቺ ስትንጎራደጂ እኔን ጭንቅ ይለኛል። ... ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ መጣ።

— አቤት፣ አለሁ! ምን አለች? ... ቀስ በል፣ አልሰማህም። ... ፎርሙ ላይ «የቀድሞ ሥራዎን ለምን ለቀቁ?» የሚል አለ? ... ባዶ ትተኸው ነበር? ለምን? ... ሃ! ስላላወቅክ ሳይሆን ስላወቅክ! ... እና እሱ አንቀጽ ነው የሚሞላው? ... «በራሱ ላይ እንዲህ የሚጽፍ አሠሪ ለሌላ ሰው ብሎ የሐሰት ዓመት አይጨምርም» አለች? እንዲህ አለች? ... ምን የተባረከች ልጅ ናት! ... ሳይቀነስ ሳይጨመር ትተረጉመውና ዛሬውኑ ታስገባዋለች!

— ልክነሽ! ዛሬውኑ ይገባል! ... ኧረ እልል አትበይ፣ ማመልከቻው ነው እንጂ ፈቃዱ ገና ነው! ... ሰማህ አይደል? እኔን መች ትሰማለች።

— ሳምሶን፣ ሳትዘጋው አንድ ነገር። ውሉ ሁለት ዓመት ነው ያልከኝ? ... አንድ አድርገው። ... አይ፣ ልክነሽ አልከለከለችኝም። ... አልፈራሁምም። ትናንት ሀብተወልድ እጄን ይዞ ማኅበሩ አስገባኝ። ሸማ ስሠራ የምቀመጥባት ጉድጓድ፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው... ባዶዋን ናት። አራት ዓመት ማንንም አላስቀመጠባትም። ቦታ እየጠበባቸው፣ ሰዎቹ እየለመኑት! እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። በዓመቱ ተመልሼ ልቀመጥባት ነው። ... አዎ። ... አዎ፣ ልጄ።

— ስድስቱን በዓመት አደርስልሃለሁ። አንዱ ከአንተ የበለጠ እጀ ወርቅ ሆኖ ይወጣና እሱ ይቀጥልልሃል። ... ጻፍ። አንድ ዓመት። ... ጻፍክ? እስቲ አንብብልኝ። ... ጎሽ።

— በል፣ ለብሩክታዊት ሰላም በልልኝ። ቸር ያሰማ... ሄሎ? ሄሎ? ... ተቋረጠ።

— ልክነሽ፣ ጫማዬን አቀብይኝ። ደብዳቤው እንደሠራ ሀብተወልድ ከእኔ አፍ ይስማው።