ከማል ሳይፈታ

ደብረ ብርሃን፣ ከሰዓት በኋላ። አጥናፉ ከሞተ ሃያ ሰባት ቀኑ ነው፤ ሚስቱ ውብአንቺ የሐዘን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ስታይ የባሏ ታላቅ እህት አሰገደች ደረሰችባት።

አሰገደች፦ አጥፊው አልኩሽ! የወንድሜ አርባ ሳይወጣ በዚህ ቤት ቴሌቪዥን ይከፈታል?

ውብአንቺ፦ ድምፁን ዝቅ አድርጌዋለሁ እኮ፣ እትዬ።

አሰገደች፦ ጎረቤት በመስኮት የሚያየው ድምፁን ነው? ጥቁር ለብሰሽ፣ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ የቱርክ ድራማ! ኧረ በስመ አብ! ሰው ምን ይላል?

ውብአንቺ፦ የሚለውን ብሏል። ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ፣ ከለልሽኝ።

አሰገደች፦ ከለልሽኝ! እስቲ አሁን ይኼ ምኑ ይታያል? አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። አፋቸው ተዘግቶ ንግግሩ ይቀጥላል።

ውብአንቺ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ጫማቸውን እንዳደረጉ አልጋ ላይ ይወጣሉ። አንዲት ደብዳቤ ከፍተው ለማንበብ ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። የማይረባ ነገር ነው።

አሰገደች፦ ታዲያ ካልወደድሽው ምን ያስፈጥጥሻል?

ውብአንቺ፦ አጥናፉ ምኑን እንደወደደው ልወቅ ብዬ።

አሰገደች፦ አጥናፉ? ወንድሜ ዜናና ኳስ እንጂ ድራማ መች ይወድና!

ውብአንቺ፦ እዚህ ቤትማ አዎ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሪሞቱ ከእጁ ወርዶ አያውቅም። ድራማ ላይ ካረፍኩ «ይህን የሥራ ፈት ወሬ አጥፊልኝ» ነበር።

አሰገደች፦ ይኸው፣ በራስሽ አፍ! በይ ስሚ። ቴሌቪዥኑን ዛሬውኑ ነቅዬ ወደ ቤቴ እወስዳለሁ። ተዝካሩም እኔ ቤት ይደገሳል። ለባሏ አርባ ቀን መታገሥ ያቃታት ሴት የተዝካሩን ሰው አትቀበልም፤ እንደማንም መጥተሽ፣ ቀምሰሽ ትሄጃለሽ። ለንስሐ አባታችንም እነግራቸዋለሁ።

ውብአንቺ፦ በገዛ ባሌ አርባ እንግዳ ልታደርጊኝ?

አሰገደች፦ የእጅሽን ነው ያገኘሽው።

ውብአንቺ፦ እሺ። የሠልስት ዕለት የመጣችውን ሴት ግን ታስታውሻታለሽ? ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከእኔ በላይ የጮኸችውን?

አሰገደች፦ ስንቱን ለቀስተኛ ላስታውስ?

ውብአንቺ፦ ደረቷን እየደቃች «አጥናፉዬ፣ ከማል ሳይፈታ ሄድክ!» ያለችውን።

አሰገደች፦ ሐዘን የያዘው ሰው ያልሆነውን ሁሉ ይላል።

ውብአንቺ፦ ድንኳኑ ሙሉ ተከትሏት አለቀሰ እኮ! የእድሩ ዳኛ ብድግ ብለው «የታሰረውን ወንድማችንን ከማልን አምላክ ያስፈታልን» ሲሉ ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። አንቺም ብለሻል።

አሰገደች፦ አሜን ማለት ነውር ሆነ ደግሞ?

ውብአንቺ፦ እኔ ልጁ መሰለኝ። ከእኔ የደበቀው ልጅ። ስሙንም እናቱ አውጥታለት ይሆናል አልኩ። እኔ እንደሆን መካን እየተባልኩ የኖርኩ ነኝ፤ ልጅ ካለው ዓይኑን እንኳ ልየው ብዬ ስንቅ ቋጥሬ ወህኒ ቤት ሄድኩ።

አሰገደች፦ ምን አልሽ?

ውብአንቺ፦ ሁለት ቀን ተሰለፍኩ። «ከማል አጥናፉ» ብዬ አስጠራሁ። ዘበኛው መዝገቡን ሦስቴ አገላብጦ «እናቴ፣ እንዲህ የሚባል እስረኛ የለንም» አለኝ። ስንቁን ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ እያለቀስኩ ተመለስኩ። በማግስቱ የጎረቤት ድስት ልመልስ ስገባ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዷ የእስር ቤት ፍርግርግ ይዛ «ከማል!» ብላ ጮኸች። አስፈታልን ያልነው ከማል ለካ የዚህ ድራማ ሰው ኖሯል!

አሰገደች፦ ሙት አይወቀስም፣ ውቤ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆንብሽ።

ውብአንቺ፦ አሁን ገና ውቤ ሆንኩ?

አሰገደች፦ በቃ ተይው፣ አፈር ይቅለለው ነው የምልሽ።

ውብአንቺ፦ እንዴት ብዬ ነው የምተወው? «ተረኛ ነኝ» ሲለኝ እራት ቋጥሬ፣ የሚጠብቀው የውሃ ሞተር ጋ ይበርደዋል ብዬ ካፖርት ደርቤለት የሸኘሁት ሰውዬ፣ የዚያች ሴትዮ ሶፋ ላይ ከማልን ሲያይ ነበር የሚያመሸው! ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። ደግሞ ጥሩ ድራማ ቢሆን እኮ ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር። ይኼ ነው? ለዚህ ነው እኔ ስንቱን ማታ ከግድግዳ ጋር እራት የበላሁት?

አሰገደች፦ አንቺ… ሴትዮዋን አነጋገርሻት እንዴ?

ውብአንቺ፦ ትናንት ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለችም። አልቅሳ ሁሉንም ነገረችኝ።

አሰገደች፦ ሁሉንም? ምን ምን አለችሽ?

ውብአንቺ፦ «ሦስት ሆነን ነበር የምናየው፤ አጥናፉ፣ እኔ፣ እህቱም» አለችኝ። ቁጭ በይ፣ እትዬ፤ ከሐዘኑ ወዲህ ያመለጠሽን ክፍል እኔ እነግርሻለሁ።