ተኝቼበት ሳለሁ ስለተነዳው ቫን

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ሂላሪ ጆአን ኦክሻት
ዕድሜ፦ 58 ዓመት
ሥራ፦ ቀድሞ በጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ፣ አሁን ሥራ የለኝም
አድራሻ፦ ሌስተር ከተማ፣ አልደርተን መንገድ፣ የቤት ቁጥር 31
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ቴምፎርድ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሐሙስ ሜይ 16 ቀን 2019፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20
ቃሉን የተቀበሉት፦ ኮንስታብል ዲያና ዊትኮም

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ ዛሬ ረፋድ ላይ በቴምፎርድ ከተማ ስለተወሰደብን ቫን የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ ቃሌን እሰጣለሁ። አንዳንዱ ነገር እስከ አሁን በቅጡ አልገባኝም። ያልገባኝን አልገባኝም እያልኩ እናገራለሁ።

ባለቤቴ ክላይቭ ኦክሻት ባለፈው ወር ጡረታ ወጥቷል። አልጋና የጋዝ ምድጃ ያለው አረንጓዴ አሮጌ ቫን ገዝተን፣ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ተነስተን ስኮትላንድን ሁለት ወር ለመዞር እየተዘጋጀን ነበር። ዛሬ ወደ ቴምፎርድ የመጣነው ቫኑን በረጅም መንገድ ለመሞከርና የጎደለንን ዕቃ ለመግዛት ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰን ቫኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አቆምን። ሐሙስ የገበያ ቀን በመሆኑ ዋናው መንገድ ለመኪና ተዘግቶ በድንኳን ተሞልቶ ነበር።

ገመድ፣ የእጅ ባትሪና ሁለት ብርድ ልብስ ገዛን። ከዚያ ክላይቭ የቧንቧ መጋጠሚያ ልፈልግ ብሎ ሲለየኝ እኔ ከተማውን ልይ ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ከአንድ አይብ ሻጭ አጠገብ የገባሁበት ቀጭን መንገድ ሁለት ጊዜ ዞሮ እዚያው አይብ ሻጩ ጋ አወጣኝ። ሰውየውም «እመቤት፣ መንገዱ ካልገዙ አይለቅዎትም» ስላለኝ ሩብ ኪሎ ገዛሁ። ቫኑ ጋ ስመለስ ራስ ምታቴ ተነስቶብኝ ነበር። ክላይቭ የጋዝ ሲሊንደር ለማምጣት ሲሄድ እኔ ከኋላ አልጋው ላይ ተኛሁ። በሾፌሩና በአልጋው መካከል ያለውን መጋረጃም ዘጋሁ። ክላይቭ መኪናውን አንቀሳቅሱ የሚል ቢመጣ ብሎ ቁልፉን መሪው ጋ እንደተሰካ ትቶት ነበር። ስልኬ ከፊት ወንበሩ ላይ ከካፖርቴ ጋር ቀርቷል።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ የፊት በር ተከፍቶ ተዘጋ። አንድ የወንድ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ «ሁሉም ተጭኗል?» አለ። እኔም ዓይኔን ሳልገልጥ «አዎ፣ ሂድ» አልኩ። ይህን ማለቴን መርማሪዋ በደንብ እንዲጽፉልኝ እፈልጋለሁ። ድምፁ የሻከረ ቢመስለኝም ክላይቭ ብርድ መትቶት ይሆናል ብዬ መልሼ ጋደም አልኩ። ቫኑ ተነሳ።

ሾፌሩ እየነዳ ያወራ ነበር። ከመውጣታችን በፊት ከተማዋን እንሰናበት አለ። «ያውልሽ የፒው የፈረስ ኮርቻ ሱቅ» ሲለኝ ቀና ብዬ በጎን መስኮት አየሁ፤ የተሰበረ ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ነው። ክላይቭ ይህን ከተማ ከዚህ በፊት አያውቀውም። ይቀልዳል ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ፊት ለፊት ፍጥነቱን ቀንሶ «ቤሪል፣ የከብት ገበያውን ላሞች የት ወሰዷቸው? ሐሙስ አይደለም እንዴ?» አለ። ቤሪል የምትባል ሴት አላውቅም። በባሌ ላይ ክፉ ነገር እንዳሰብኩ አልደብቅም። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ያየሁት ነጭ ፀጉርና ቀጭን አንገት የባሌ አልነበረም።

መጋረጃውን መልሼ ለቀቅኩት። ሰውየው ግን ወደ ኋላ ሳይዞር ስለ ባሕር ዳር፣ በመንገድ ላይ ስለሚበላው እንቁላል፣ ባለፈው ዓመት ስለዘነበብን ዝናብ አወራ። ከእኔ ጋር የቆየ ነገር ያለን ያህል ነበር የሚያወራው። ሌባ ይሁን፣ የታመመ ይሁን፣ ወይስ እኔ ራሴ የሰው ቫን ውስጥ ተኝቼ ይሁን መለየት አቃተኝ። ብርድ ልብሶቹን አይቼ ነው ቫኑ የእኛ መሆኑን ያረጋገጥኩት።

ከዚያ በኋላ ቫኑ ወደ ግራ ታጥፎ መንገዱ የተዘጋበትን ገመድ በጥሶ ገበያው ውስጥ ገባ። ሰዎች ወደ ግራና ቀኝ ተበተኑ። አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ ይዛ ከፊታችን ደርቃ ቀረች። ሰውየው «መንገዱን ምን አደረጉት? ቤሪል፣ መንገዱ የት ሄደ?» እያለ ይንቀጠቀጥ ነበር። እግሩ ግን ነዳጅ መስጫው ላይ ነው። ብጮህበት ይብስበታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ባሌን እንደማናግረው አድርጌ «አንተ፣ አቁመውና ሻይ እንጠጣ» አልኩት። «ገና ከከተማ ሳንወጣ?» አለኝ። «አዎ፣ ገና ሳንወጣ» አልኩት። «አንቺና ሻይሽ» ብሎ ፍሬን ያዘ። ከጋሪው እስከ ቫኑ አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። ሞተሩን ራሱ አጠፋ። በመጋረጃው በኩል እጄን ስዘረጋለት ቁልፉን ሰጠኝ።

ወደ ፊት ተሻግሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘ። ፊቴን ቢያይም ሚስቱ አለመሆኔን አላወቀም። ገበያው ውስጥ የነበሩት ኮንስታብል ዊትኮም ወደ መስኮቱ መጡ። ስሙን ሲጠይቁት በርናርድ ስታንየር፣ 79 ዓመቱ መሆኑን ተናገረ። ክላይቭ ሲሊንደሩን ተሸክሞ እየሮጠ ደረሰና «ሂላሪ! ይሄ ሰውዬ ማነው?» እያለ ጮኸ። ሚስተር ስታንየርም «ስማ አንተ፣ ሚስቴ ላይ አትጩህ» አለው። ክላይቭ እኔን አየኝ።

በዚህ መካከል አንዲት አሮጊት ሕዝቡን እየገፉ መጡ። ትክክለኛዋ ሚስስ ቤሪል ስታንየር ናቸው። ሥጋ ቤት ተራ ሲይዙ ባላቸውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው እንደነበርና ዞር ሲሉ እንዳጡት፣ የእኛን የመሰለ አረንጓዴ ቫን ኖሯቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት እንደሸጡት ኋላ ነግረውኛል። ወደ በሩ ቀርበው «በርናርድ፣ ና ውረድ እንጂ፣ ቤት እንሂድ» አሉት። እሱ ግን እጄን አጥብቆ ወደ እኔ ተጠጋና «ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?» አለኝ።

ዛሬ ከሆነው ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ቫኑን ለማስቆም ብዬ የሰው ስም ወስጄ ነበር፤ የስሙ ባለቤት መጥተው ቆመው እያዩኝ ስሙ እኔ ላይ ቀረ። ሚስስ ስታንየር አልተቆጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ተይው እህቴ፣ አንቺው አውርጂልኝ። አንዳንድ ቀን እንዲህ ነው» አሉኝ። ያሉኝን ላደርግ አስቤ ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ። «ሚስተር ስታንየር፣ እኔ ሂላሪ ነኝ። የዋሸሁዎት እንዲቆሙልኝ ብዬ ነው። ቤሪል እሳቸው ናቸው» አልኩት።

እኔንም እሳቸውንም ደጋግሞ አየ። «አንቺ ነሽ?» አላቸው። «እኔ ነኝ» አሉ። «አርጅተሻል እኮ» ሲላቸው «አንተ ደግሞ ጎረምሳ ነህ» ብለው መለሱለት። እጄን ለቀቀ። ፈገግ ይበል አይበል እርግጠኛ አይደለሁም። ወንበሩ ላይ ወደ መሪው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸውና «ግቢ እንግዲህ፣ ሰው እየጠበቀን ነው» አላቸው። እኔ ወረድኩ፣ እሳቸው ወጡ። ኮንስታብል ዊትኮም ስለፈቀዱ፣ ቁልፉ በእጄ እንዳለ ባልና ሚስቱ ሻይ እስኪጠጡ ቫኑ ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ። ኋላ ክላይቭ ራሱ እቤታቸው አድርሷቸዋል።

ቫኑ በፈቃዴ ተወስዶ እንደሆነ ተጠይቄ፣ «ሂድ» ያልኩት እኔ በመሆኔ ያለ ፈቃድ ተወሰደ ለማለት አልችልም። እንዲከሰስም አልፈልግም። ገመዱ ከመበጠሱ በቀር የተጎዳ ሰውም ንብረትም አላየሁም። ቅዳሜ ጉዞ እንሄድ እንደሆነ ክላይቭ ጠይቆኝ ገና አልመለስኩለትም።

በመጨረሻም ከሚስተር በርናርድ ስታንየር ጋር ጠብ ወይም ዝምድና እንዳለኝ ተጠየቅሁ። ጠብ የለንም። ዝምድናውን በሚመለከት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ባለማወቄ መርማሪዋ ቦታውን ክፍት ትተውታል።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ካየሁትና ከሰማሁት የጨመርኩት የለም፤ ግራ የገባኝንም ግራ እንደገባኝ አስጽፌዋለሁ። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሂ. ጆ. ኦክሻት
ቃሉን የተቀበሉት ፊርማ፦ ኮንስታብል ዲ. ዊትኮም