የበረዶው መዋጮ

ቀኑን ልሳሳት እችላለሁ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነበር። የአባቴ ውኃ ትኩስ እንደነበር ግን አልሳሳትም፤ ምሳ ስንበላ ቀምሼዋለሁ።

አዲስ አበባ ከምማርበት ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት አሰብ መጥቼ፣ ወደብ ላይ ጭነት ለሚያወርደው አባቴ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። የሳምንት ወጪዬን በዝርዝር የጻፍኩበት ወረቀትም ኪሴ ውስጥ ነበር። በሳምንት ሁለት ብር እንዲጨምርልኝ ልጠይቀው ነው። ወዛደሮቹ በየሳምንቱ አዋጥተው በረዶ ይገዛሉ፤ በምሳ ሰዓት በርሜሉን ከበው ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጣሉ። አባቴ ብቻ ፈንጠር ብሎ ፀሐይ ላይ ከዋለ ጀሪካን ይቀዳል።

መዋጮውን የሚሰበስበው ጋሽ ተሰማ፣ «ኧረ ና ጠጣ! ግመል ነህ እንዴ አንተ ሰው?» አለው። ሁሉም ሳቁ።

«በረዶ ጉሮሮዬን ያመኛል» አለ አባቴ። አመንኩት።

ወረቀቱን ሰጠሁት። በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበና ቀና አለ።

«ሻይ በቀን አንዴ ብቻ?»

«ይበቃኛል አባዬ።»

«ጓደኞችህ ሲጠጡ ቁጭ ብለህ ልታያቸው ነው? ሁለቱን ብር ሦስት አድርገው።»

በጣም ደስ አለኝ። ሂሳቤን በጥንቃቄ ስለሠራሁ ያሳመንኩት መስሎኝ ኮራሁም።

በዓመቱ ስመለስ ጋሽ ተሰማን ለብቻው አግኝቼ፣ በረዶ አባቴን ማመም የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። አባቴ ከበረዶው መዋጮ የወጣው እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሳምንቱ ነው።