አባዬን ይዘን ላስ ቬጋስ የሄድን ጊዜ

«እማ፣ አያቴ ጋሼ ደረጀን ሊረግመው ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ ሳሮን። ሊፍት ውስጥ ነን፣ ላስ ቬጋስ፣ ሆቴል። ያኔ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንቱታው እንደሆነ ለንደን ላደገ ልጅ አልያዘለትም። በእኛ ጊዜ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ አይጠይቅም ነበር፣ ብንሰማም እንዳልሰማን ሆነን ነው ያደግነው። እሷ ግን እኔ ለራሴ እንኳን ለማለት የፈራሁትን ነው ያወጣችው። «ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ!» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ታዲያ እናንተ ለሰርግ እዚያው ከተማ ልትሄዱ ነው፣ አንቺም ጽጌ «አንቺ ሄደሽ ታውቂያለሽ፣ ምን እንያዝ፣ ከምን እንጠንቀቅ?» አልሽኝ። እነግራችኋለሁ። ግን እኔ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በጭንቀት ነውና ከነጭንቀቱ ስሙኝ። ሻይ ድገሙ እየሰማችሁ።

ደረጀ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ልጆቹ ሲታፈሱ እሱም ታስሮ ተፈታ፣ እና በኬንያ አድርጎ ወጣ፣ ስንቱን ተንከራትቶ አሜሪካ ገባ። አባዬ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላዩትም። አባዬን አታውቋቸውም እናንተ። የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ጧት ጧት እናቶች ልጆቻቸውን በር ላይ ያስረክቧቸዋል፣ «አደራ አባ ወልዴ» እያሉ። አባዬ ታዲያ አደራ ሲባሉ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። የመጨረሻው ልጅ ሳይወሰድ ከበሩ ንቅንቅ የለም፣ ዝናብም ይዝነብ፣ በረዶም ይውረድ። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ቁማር ላይ ደግሞ ጭራሽ ቀልድ አያውቁም። ታላቅ ወንድማቸው ወፍጮ ቤቱን በካርታ ተበልቶ፣ በሰው በረንዳ ነው የሞተው። እኛ ቤት ካርታ አይገባም። አንዴ ለገና የጎረቤት ልጅ ይዞ ቢመጣ፣ ቀምተው ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

እና አባዬን ለንደን አመጣኋቸው፣ ከዚህ ደግሞ የአሜሪካ ቪዛ አፕላይ አደረግንላቸው፣ እግዚአብሔር ፈቅዶ ተሰጣቸው። «ደረጀ ምንድን ነው የሚሠራው?» ይሉኛል ቀን ከሌት። «ሆቴል ነው አባዬ» እላለሁ፤ እኔም የማውቀው ያንኑ ነው። «ሆቴል ጥሩ ነው፣ እንግዳ መቀበል ነው» ይላሉ። ደስ ብሏቸው ሄድን።

ገና ከአውሮፕላኑ ስንወርድ፣ ኤርፖርቱ ውስጥ፣ የቁማር ማሽኖች ተደርድረው ይንጫጫሉ። ሳትደነግጡ እለፉ፣ ከተማው የሚቀበላችሁ በሱ ነው። ደረጀ እየሮጠ መጣ፣ አባዬ እግር ላይ ወደቀ፣ አነሱት፣ ተላቀሱ። እኔም አለቀስኩ። እና ገና እንባቸውን ሳይጠርጉ አባዬ ዞር አሉና «ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አሉ።

«ጌም ነው አባዬ። የልጆች» አለ ደረጀ።

«የልጆች ከሆነ አሮጊቶቹ ምን ይሠሩበታል?»

ደረጀ ሻንጣውን ብድግ አድርጎ ቀደመን። ያኔ ነው ልቤ አንድ ነገር ያለኝ።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ከጓደኛው ጋር ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ሆቴል ቡክ አድርጎልን ነበር። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ አባዬ ቀደም ብለው ሲሄዱ፣ ክንዴን ያዘኝ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትጮሂ። እኔ ዲለር ነኝ።»

እኛ ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ስንኖር ዲለር ማለት ፖሊስ የሚፈልገው ልጅ ነው! «የዕፅ?» ብዬ ልጮህ ስል አፌን ያዘኝ። «አይደለም! ካርታ ነው የማድለው። ቁማር ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ።» እና እኔ እላችኋለሁ፣ ምነው ዕፁን ባለኝ አልኩ፣ ይቅር ይበለኝ። «አባዬ ቢሰሙ በቁማቸው ይረግሙሃል» አልኩት። «አይሰሙም፣ ለሳምንት ነው» አለኝ። ዞር ስል ሳሮን ከኋላችን ቆማለች፣ ዓይኗ እንዲህ ፈጦ። ሊፍት ውስጥ የጠየቀችኝ ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያቺ ሳምንት እንዴት እንዳለፈች እኔ ነኝ የማውቀው። እዚያ አገር ከመንገድ ወደ ክፍላችሁ ለመድረስ በማሽኖቹ መሃል ማለፍ ግድ ነው፤ ሊፍቱን ከዚያ ወዲያ ነው ያደረጉት። ግድግዳ ላይ ሰዓት የለም፣ መስኮት የለም፣ መምሸት መንጋቱን አታውቁም፤ የጸሎት ሰዓታችሁን በእጅ ሰዓታችሁ ጠብቁ። ልጅ ካለ እየሄደ ይለፍ እንጂ ቁማሩ አጠገብ አይቁም፣ ክልክል ነው፤ ሳሮን የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ ብትል ጥበቃው መጥቶ ራሷ ላይ ቆመ። ውጪው እሳት ነው፣ ውስጡ በረዶ ነው፣ ሹራብ ያዙ። ቫዝሊን ያዙ፣ ከንፈር ይሰነጠቃል። ጽጌ፣ አንቺ ደግሞ ያንን ተረከዝ እዚሁ ተይው፤ ሕንፃው ይኸውና እዚህ ጋ ነው ትያለሽ፣ ትሄጃለሽ፣ ትሄጃለሽ፣ አይደረስም። ክፍላችሁ ውስጥ ያለችው ትንሿ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ለማየት እንኳን እንዳታነሱ፣ ካነሳችሁት ገዝታችሁታል። የጾም ምግብ ካማራችሁ ከትልቁ መንገድ ወጣ ስትሉ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል። ሐበሻውማ! የሻንጣ ተሸካሚው ሐበሻ፣ የታክሲው ሐበሻ። እኔን የጎዳኝም ይሄ ነው።

አባዬ ከአዲስ አበባ ጋቢ ይዘው መጥተዋል፣ እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በእጇ የፈተለችው። ለማን ነው ስላቸው «ለደረጀ አለቃ» ይላሉ። «ልጄን በሰው አገር ሥራ ሰጥቶ የያዘልኝን ሰው ሳላመሰግን፣ አደራ ሳልል አልሄድም።»

ደረጀ በየቀኑ አዲስ ነገር ይፈጥራል። «ዛሬ ዕረፍት ነው አባዬ።» «ዛሬ ስብሰባ ገብቷል።» «ዛሬ ታሟል።»

«ከታመመማ እንጠይቀዋለን!» ብለው ተነሱ። እኔ በመሃል ቤት አልቄያለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ የቱ ጋ እንደደረስኩ ይጠፋኛል።

ታዲያ ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ሳሮን ሽንት ቤት ገብታ እኔ በር ላይ እየጠበቅኋት፣ አባዬ ጉልበታቸው ደከመና ማሽን ፊት ያለ ወንበር ላይ አረፍ አሉ። ማሽን ፊት እንዳትቀመጡ! እዚያ የተቀመጠን ሰው መጠጥ ይዘው ነው የሚመጡበት፣ እንዳይነሳ። አስተናጋጇ ጭማቂ ሰጠቻቸው፣ እሳቸው ደግሞ የሆቴሉ ደግነት መስሏቸው «እግዜር ይስጥልኝ» እያሉ ይመርቋታል። ይሄኔ ሐበሻው ሻንጣ ተሸካሚ ምርቃቱን ሰማ፣ መጣና ጉልበታቸውን ሳመ። «የማን አባት ነዎት?»

«የደረጀ። እዚህ አገር ሆቴል የሚሠራው።»

«ደረጀ ዲለሩ? ካርታ የሚያድለው? አውቀዋለሁ እንጂ አባባ፣ ማዶ ያለው ቁማር ቤት ነው፣ ይኸው አሁን ሥራ ላይ ነው!»

እኔ እየሮጥኩ ደረስኩ፣ ግን ምን ዋጋ አለው። አባዬ ጭማቂውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ጋቢውን አምጪ» አሉኝ፣ «እና ውሰጂኝ።»

መንገዱን ስንሻገር፣ አምላኬ፣ ከአፋቸው ክፉ ቃል እንዳይወጣ፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት ልጃቸውን እንዳይረግሙት፣ የአባት እርግማን ደግሞ ባሕር አያቆመውም እያልኩ ነው የምሄደው። ገባን። ደረጀ ጥቁር ሰደርያ ለብሶ፣ ከጠረጴዛው ወዲህ ቆሞ ካርታ ያድላል። ቀና ሲል አባዬን አያቸው። እጁ ቀጥ አለ። ሥራ ላይ ነው፣ ጥሎ መውጣት አይችልም፣ ካሜራው በላዩ ነው። ማዶ ከተቀመጡት ቁማርተኞች አንዱ፣ የተበላ ሰው፣ ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታና ይሰድበዋል፣ ምን የቀረው ስድብ አለ! ደረጀ ዝም። አባዬ ከዘራቸውን ተደግፈው ያያሉ።

አንዲት ረጅም ሴት፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰች፣ ወደ እኛ መጣች። የደረጀ አለቃ ኖራለች። አባዬ ልትቀበላቸው የመጣች መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ሳሮን እዚህ መቆም አትችልም ነው የምትለው።»

«ልክ ናት። በር የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ነው» አሉና ሳሮንን ወደ መተላለፊያው ላኳት። «አሁን ንገሪያት። እኔ የደረጀ አባት ነኝ በያት። ይሄን ሥራ አልወደድኩትም በያት።»

«አባዬ…»

«በያት!»

አልኳት። የእኔ እንግሊዝኛ የሂትሮው ጽዳት እንግሊዝኛ ነው።

«ግን ያ ሰውዬ ሲሰድበው ልጄ ክፉ አልመለሰም። እሱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ በያት። እንግዲህ ልጄ ከጠረጴዛው ወዲህ ቆሟል። ማዶ እንዳይቀመጥ፣ አደራ በያት።»

አደራን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል? እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። «ሂ ጊቭ ዩ ሂዝ ሰን» አልኳት፣ ልጁን ሰጥቶሻል ለማለት። ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ። «እዚህ ቤት ሠራተኛ መጫወት ክልክል ነው» አለች ቀስ ብላ። ለአባዬ ነገርኳቸው።

«ሌላው ቤትስ?»

ዞራ ደረጀን አየችው። ደረጀ አቀርቅሮ ካርታውን ይበውዛል። «እሱን እኔ አላውቅም» አለች። አባዬ ጋቢውን በሁለት እጃቸው ክንዷ ላይ አኖሩላትና ወጣን።

ማታ ደረጀ ከሥራ ሲወጣ መጣ፣ ጋቢውን አጥፎ በከረጢት ይዞ። «ስጦታ መቀበል ደንቡ አይፈቅድላትም አባዬ። እያዘነች ነው የመለሰችው።»

«አደራዬን መለሰችው» አሉ አባዬ። ከዚያ ዓይን ዓይኑን አዩት። «ማዶ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

እኔን አየኝ። እኔ ምን ላድርግ? መዋሸት ይችላል እኮ፤ ማን ያውቅበታል? «አውቃለሁ አባዬ» አለ።

«ተበላህ?»

«መጀመሪያ ጊዜ በላሁ።»

«እሱን ነው የፈራሁት። ወንድሜም መጀመሪያ በልቶ ነበር።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና ተኙ። ደረጀ በር ላይ ቆሞ ቀረ፣ እኔም ከሱ ጋር።

በነጋታው ኤርፖርት ሸኘን። እግራቸው ላይ ወደቀ። አባዬ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ቆዩ፣ ሳሮን ልብሴን ጨብጣለች። በኋላ፦ «አልረግምህም። እውነቱን ነግረኸኛል። ግማሹን መርቄሃለሁ፤ ግማሹን፣ ቁማሩን ስትተው፣ መጥተህ ትወስዳለህ።»

ምን ትስቂያለሽ ጽጌ? ሳሮንም «ግማሽ ምርቃት አለ እንዴ?» ብላኛለች። እኔ እንጃ! አባዬ ካሉ አለ። ከዚያ ጋቢውን ከከረጢቱ አውጥተው በእኔ ትከሻ ላይ ጣሉት። «አደራው ያንቺ ነው» አሉኝ። እኔ ለንደን፣ እሱ ላስ ቬጋስ! በምን እጄ ነው የምጠብቀው? አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ተኝቶ እኔ እሱን ሳስብ መጣሁ።

ለንደን በገባን በማግስቱ ጧት፣ ለሥራ ከመውጣቴ በፊት ደወልኩለት። የእኔ ጧት የሱ ማታ ነው፣ ከሥራ የሚወጣበት። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ በመጨረሻ «አቤት እትዬ» አለ።

«የት ነህ?»

«ቤት ነኝ።»

«ቤት ከሆንክ ድስት አንኳኳልኝ።»

«ምን?»

«ድስት! ማንኪያ አንሣና ድስት ምታልኝ።»

ኮቴን እንደለበስኩ በር ላይ ጠበቅሁ። እና የድስት ክዳን ሲመታ ሰማሁ፣ ሁለቴ። ያኔ ነው «እንደምን አመሸህ ወንድሜ» ያልኩት፤ እና ወደ አውቶቡሱ ሮጥኩ።