ከማዶ የታየው ብርሃን

የጓሮዬን መንገድ በገዛ እጄ መብራት በመብራት አድርጌ ሳለ፣ ያን ቀን ከቀየት ወደ ዘመሮ በምትሄደው ታክሲ ውስጥ ለምን ዝም አልኩ? ዛሬም አላውቅም።

ከፊቴ አንዲት አሮጊት ባዶ ጀሪካን ታቅፈዋል። አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ጠየቃቸው።

«ጀሪካኑ ለምንድን ነው፣ እማማ?»

«ለጸበል ነዋ! ከማዶ ብርሃን ወርዷል። ተደርድሮ ሲያበራ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።»

«ከባሕር ዛፉ በታች?»

«አዎን! አንተም አየኸው?»

«እማማ፣ እሱማ የቄሱ ጓሮ ነው። በፀሐይ የሚሞላ መብራት በጠርሙስ እየከተቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተክለዋል። ቄሱ ለኪዳን ሲወጡ እንዳይደናቀፉ ነው አሉ።»

«እኔ እኮ ሦስት ቀን ተሳለምኩት!»

«ጎመኑን?»

«ዝም በል! ማን ሠራላቸው?»

«ያለቻቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም ትምህርት የጀመረችው በስተርጅና ነው። እሷ አትችለውም፤ ከከተማ ባለሙያ አስመጥታ ይሆናል።»

«ማንም ይሁን፣ እጁ ይባረክ! ሽማግሌ እንዳይወድቅ ማብራት ከጸበል ያንሳል?»

እጆቼን እያየሁ በልቤ አሜን አልኩ፤ ባለሙያዋ እኔው የቄሱ ልጅ መሆኔን ለአሮጊቷ የነገርኳቸው ግን ያንኑ ባዶ ጀሪካን እንደያዙ መንገዱን ሊያዩ ደጄ የመጡ ዕለት ነው።