ሙሽራዋ የሳቀችበት ፎቶ

ከሞጆ ወደ ናዝሬት በሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ ነን። ከፊቴ የተቀመጡት እናት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፈዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት አላስቻላትም።

«መስታወት ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«የሠርጌ ፎቶ ነው፣ የኔ ልጅ። አርሲ ነገሌ ካለችው የባለቤቴ እህት ቤት ማምጣቴ ነው።»

«እርስዎ ቤት የለም?»

«ነበረ። ባሌን ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ አምጣ ቢሉት፣ ከሠርጋችን ላይ ራሱን በመቀስ ቆርጦ ሰጣቸው!»

«ውይ! እርስዎ ብቻዎን ቀሩ?»

«ከነቬሎዬ! ስቆጣው ደግሞ ‹አንቺን መቼ ነካሁሽ› አይለኝ መሰለሽ!»

«ፎቶ ቤቱስ ኔጋቲቩ የለውም?»

«ጠፍቷል አሉ። ደግነቱ እህቱ፣ ሙሽራ ጥርሷን ስታሳይ ያሳፍራል ብላ የደረሳትን ፎቶ ሣጥን ውስጥ ደብቃው ኖራለች።»

«ምን አስቆዎት ነው?»

«እሱ ነዋ! ከረባቱ አንቆት ዓይኑ ሊወጣ ደርሶ ነበር። አሁን ፎቶ ቤቱ ከዚህ ላይ አንስቶ ያባዛልናል። አንዱ ለልጄ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ነው።»

«አዲስ አብራችሁ አትነሱም ነበር?»

«ብዬው ነበር። ‹ያኛው ላይ ትስቂያለሽ፣ እማዬ፤ አሁን ብትነሺ ታለቅሻለሽ› አለኝ።»

ታክሲው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ሳላስበው እጄ ሄዶ ጋዜጣውን ደገፈ።