በጠራራ ፀሐይ የተቀበረ መዳብ

በ2005 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ፣ በገበያ ቀን፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ የአሥራ ሁለት ሰው ወንበር ለሃያ ሰው አካፍሎ ተነሣ። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ከኋላ ወንበር፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ሱሪ የለበሰች ወጣት ከመቋሚያው የሚረዝም ቀጭን ቀይ ዘንግ አቅፋለች። መኪናው በዘለለ ቁጥር የዘንጉ ጫፍ የመሪጌታን ጥምጣም ይወጋል።

«ልጄ» አሉ በሦስተኛው ውጊያ፣ «የኔ መቋሚያ የሰው ጥምጣም አይነካም። ያንቺ ከየትኛው ደብር ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ። መቋሚያ አይደለም፣ መዳብ ነው። ሶላር ስንገጥም መሬት ውስጥ የምንቀብረው። ያምሮት እባላለሁ፤ ቴክኒክና ሙያ ተምሬ ከጓደኞቼ ጋር በጥቃቅን ተደራጅተናል።»

«የምንቀብረው» የሚለው ቃል ሲነሳ መሪጌታ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ምክንያት አላቸው። ከስድስት ዓመት በፊት የጎረቤታቸውን የእትየ ማሚቱን በሬ መብረቅ ገደለው። በማግሥቱ ማሚቱ ላህ ወንዝ ዳር ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች መካከል ቆማ፣ «ይኸ ደብተራ ደጄ ላይ መዳብ ቀብሮ መብረቅ ጠራብኝ» አለች። የሰው ወሬ መንገድ አይጠይቅም፤ ሦስት ቀበሌ ዞሮ የመሪጌታን ልጅ የአይናለምን እጮኛ አስቀረ። ወሬው ደርቆ፣ አቶ ደረሰ የሚባሉ ደህና ገበሬ ለልጃቸው ሽማግሌ የላኩት ገና ዘንድሮ ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

መሪጌታ ግን ጠያቂ ሰው ናቸውና ዝምታው በመንገድ እስከሚገኘው ማር ውሃ እንኳ አልዘለቀም።

«እኔም ሶላር አለችኝ። የመብራት ምሰሶ ተተክሎልን ነበር፤ ሽቦው ለሚቀጥለው ዕቅድ ተላለፈና ምሰሶውን ላሞች ይታከኩበታል። ገበያ ላይ የሸጠልኝ ልጅ ቆርቆሮው ላይ ገጠማት። የሚቀበር ነገር አለ ግን አላለኝም።»

«ቤትዎ ምን ላይ ነው?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ጉብታው ላይ።»

«መሬት የሚቀበር ኧርዝ የሌለው ሶላር፣ በቆርቆሮ ቤት፣ በጉብታ ላይ፣ በሰኔ።»

«አራት ነገር ደራረብሽብኝ።»

«የደራረቡት እርስዎ ነዎት የኔታ፤ እኔ ቆጠርኩ እንጂ።»

መሪጌታ መልስ የምታውቅ ልጅ ይወዳሉ። ስለዚህ ሲወርዱ አብራቸው ወረደች፤ ጣራውን አይታ በሚቀጥለው መኪና ልትሄድ።

ጣራውን ለማየት አንድ አፍታ በቃት። ክርክሩ ግን ወተት እስኪረጋ ቆየ።

«የገበያው ልጅ፣ ከዚች የሚወጣው ኃይል እንኳን ሰው ዝንብ አይገድልም ብሎኛል» አሉ መሪጌታ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው።

«አልዋሸዎትም። ትንሽ ናት። እኔ የምፈራው ከእሷ የሚወጣውን አይደለም፣ ወደ እሷ የሚመጣውን ነው። መብረቅ መሬት ለመድረስ የቸኮለ መንገደኛ ነው። ደህና መንገድ ካላገኘ በግድግዳው፣ በሽቦው፣ በተቀመጠው ሰውም ያልፋል። እኛ የሶላሩን የብረት ጠርዝና ቆርቆሮውን በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከዚህ ዘንግ ጋር አስረን ዘንጉን መሬት ውስጥ እንተክላለን። መንገድ ቆረጥንለት ማለት ነው።»

«እግዚአብሔር የላከውን በመዳብ ልንመልስ?»

«ዝናቡንስ ማን ላከው? እርስዎ ግን ቤትዎን ዙሪያውን ቦይ ቆፍረውለታል።»

መሪጌታ ቦዩን አዩት። ባለፈው ሳምንት በገዛ እጃቸው የጠረጉት ነው።

«ሰማይ አይታረስ ይባላል» አሉ፣ ድምፃቸው ግን ትንሽ ቀዝቅዞ።

«ሰማዩን ማን ነካው የኔታ፤ የምንቆፍረው መሬቱን ነው።»

«እሺ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ምን ይገባል?»

«ዘንጉ። ዙሪያውን ደግሞ ከሰልና ጨው፤ እርጥበት እንዲይዙ።»

መሪጌታ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ሳቁ ግን ከዓይናቸው አልደረሰም።

«መዳብ፣ ከሰል፣ ጨው። ጥቁር ዶሮዋን የት ረሳሻት?»

ያምሮት ሳቋን ልትለቅ ስትል ፊታቸውን አየችና ዋጠችው። ያን ጊዜ የበሬውን፣ የማሚቱንና የአይናለምን ነገር አንድ በአንድ ነገሯት።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የኔ ስም ግን በሰው አፍ ጉድጓድ ገብቶ ስድስት ዓመት ከረመ። ዛሬ በደጄ መዳብና ከሰል ብቀብር ነገ ደረሰ የሠርጉን ቃል ያጥፋል። ልጄን ሁለት ጊዜ አልቀብራትም።»

ይህን ያሰኛቸው አላዋቂነት አይደለም። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ፍርሃትን አለማወቅ ነው ብሎ ያልፋል፤ ፍርሃት ግን አንዳንዴ ከትምህርት የበለጠ ማስረጃ ይዞ ይመጣል። ያምሮት ይህን አስባ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እንግዲያው ይቅር። አንድ ቀን መብረቁ በዚያ ብረት ገብቶ ቤትዎን ቢመታስ? እትየ ማሚቱ ምን የሚሉ ይመስልዎታል?»

መሪጌታ ጺማቸውን ጎተቱ። መልሱን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም፤ ማሚቱን ያውቋታል።

«‹የላከው ተመለሰበት› ትላለች።»

«ቢቀብሩም ያሙዎታል፣ ባይቀብሩም ያሙዎታል። ቀብረው ቢታሙ ግን ቤትዎም ልጅዎም በደህና ይኖራሉ።»

መሪጌታ ቅኔ ሲቆጥሩ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ፊታቸው ሌላ ነበር።

«ድግምት የሚቀበረው እንዴት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ!»

«እኔም አላውቅ፤ ሲያሙኝ ግን ሰምቻለሁ። ሰው ሳያይ ነው አሉ። በይ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነይ። ሰው ሁሉ እያየ ነው የምንቀብረው። ጨውንም ማሚቱ ራሷ ታምጣ።»

እሑድ ዕለት የቀበሌ ስብሰባ ሲባል እግሩን የሚያመው ሁሉ በጤናው መጣ። ያምሮት የቤቱ እጣቢ የሚወርድበትን እርጥብ ቦታ መረጠች፤ ከበሩና ከብቶቹ ከሚታሰሩበት የራቀ። ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፈረ። መሪጌታ መዶሻውን ለአቶ ደረሰ ሰጡ።

«እኔን ለምን?» አሉ ደረሰ።

«የነገ አማቼ ነህ። እጅህ ያለበትን ነገር አታማውም።»

ደረሰ ሳቁና ካባቸውን አውልቀው ዘንጉን ጫፉ ብቻ እስኪቀር መቱት። ያምሮት ሽቦውን በብሎን አጥብቃ አሰረች። «በእጅ ጠምዝዞ መተው አይሆንም፤ ይዝጋል፣ ይላላል። ሽቦውም አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። መብረቅ መታጠፊያ አይወድም፤ አቋርጦ ይዘላል» አለች። ከሰሉ ገባ። እትየ ማሚቱ የጨው ቋጠሮዋን ከመፍታቷ በፊት ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች።

«ጨው ነው» አለች ለተሰበሰበው።

«ካንቺው ቤት መጥቶ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለ አንዱ ከኋላ። ማሚቱም አብራ ሳቀች።

«በበጋ አልፎ አልፎ ውሃ አጠጡት» አለች ያምሮት። «ደመናው ሲከብድ፣ ገና ሳያጉረመርም፣ የሶላሩን ሽቦ ከባትሪው ሳጥን ንቀሉ፤ ዝናቡ እስኪያባራም አትንኩት። ይህ ሁሉ ተደርጎ መብረቅ በቀጥታ ቢመታ ምንም አይነካችሁም ብዬ አልምልም። ጉዳቱን ይቀንሳል።»

«የማይምል ባለሙያ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ መሪጌታ። ከሁሉ ይልቅ ያሳመናቸው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

ሐምሌ እንደ ልማዱ አጓርቶ መጣ። አይናለም ደመናው ሲጠቁር ሽቦውን ትነቅላለች፤ ሲገልጥ ትሰካለች። ከጉብታው ቤት ምንም የሚወራ ነገር አልተገኘም። ለወሬኛ አይመችም፤ ለኑሮ ግን ይመቻል። መስከረም እስኪገባ ድረስ፣ ከአቶ ደረሰ ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ቤት መዳቡን በቀን አስቀበረ። ቀድሞ ዝናብ ሲመጣ ሶላሩን በቀጤማ የሚሸፍን ነበር፤ መብረቅ ይጠራል ብሎ ቀይ ጨርቅ ከቤት የሚያወጣም ነበር። አሁን ሽቦ ይነቅላል፣ ብሎን ያጠብቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው፤ አደጋው እስኪደርስ የጠበቀ ሰው የሚያተርፈው ለቅሶ ብቻ ነው።

በመስቀል ማግሥት ማሚቱ ጨው ቋጥራ መጣች። ልጇ ሶላር ገዝቷል።

«የኔታ፣ እንግዲህ ለኔም መዳቡን ደጄ ላይ ያስቀብሩልኝ።»

መሪጌታ የጨው ቋጠሮውን ተቀበሏት።

«ያምሮት ሐሙስ ትመጣለች፤ እነግርልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ ማሚቱ። አሁን ያልሽውን ቃል ወንዝ ወርደሽ በይልኝ። ያኔ በቆምሽበት ቦታ፣ ያኔ በተናገርሽበት ድምፅ።»

ማሚቱ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ እንስራዋን አንሥታ ወደ ላህ ወረደች። አይናለም ውሃ ልትቀዳ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበርና ማሚቱ እዚያው ቆማ ያለችውን ቃል ለአባቷ ይዛ የተመለሰች እሷ ናት።